ማካሮቭ ለቤት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጥ ለሚይዝ ሰው ይሆናል?

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ሽጉጥ ለሚያስገባ ሰው ማካሮቭ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጉልበቱ መካከለኛ ነው፤ መልኩም የድሮ ነው። ግን ልምድ የሌለው ሰው ተረጋግቶ ከተማረው ባዶ ማድረግ፣ መፍታትና ማጽዳት ይችላል። ለእኔ የቤት ሽጉጥ የመጀመሪያ መለኪያ ይሄ ነው። ስንት ጥይት ይጎርሳል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ፖሊስ ቤት መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት። ሽጉጥ ሲወጣ የማስፈርም፣ ሲገባ ባዶ መሆኑን የማረጋግጥ፣ የምወለውልና የምመዘግብ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የማውቀው ኢላማ ስለመምታት ከሚያወሩት ሰዎች ይለያል። እኔ የማውቀው ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምን እንደሚሆን ነው። አደጋውም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

አሁን አዳማ ነው የምኖረው። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እህል መጋዘን አላት። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ሌሊት እሷና ትንሹ ልጇ ብቻቸውን ናቸው። አባቷ በሕይወት እያለ በፈቃድ ይዞት የነበረ ማካሮቭ ነበረው። እሱ ሲያርፍ መሣሪያውን ደብቃ አላስቀመጠችም። ፖሊስ ዘንድ አመለከተች፣ ተጣርቶ በስሟ ፈቃድ ወጣላት። ከዚያ በኋላ የመካሪ መዓት መጣባት። አንዱ «ይሄ የደርግ ጊዜ ብረት ነው፣ ጣይው» ይላል። ሌላው «አስራ አምስት የሚጎርስ የቱርክ ሽጉጥ የሚያመጣልሽ ሰው አውቃለሁ» ይላል። እሷም ግራ ገብቷት «አክስቴ፣ ይሄ ነገር ይበቃኛል ወይስ ልቀይረው?» ብላ ሽጉጡን ጥይት አልባ አድርጋ ይዛልኝ መጣች።

በመጀመሪያ ስለዚያ «የሚያመጣልሽ ሰው» ልናገር። በእጅ የሚሸጥ ሽጉጥ መግዛት ወንጀል ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም መግዛትንም ይከለክላል። ሕጉን ብንተወው እንኳ ዕቃው ራሱ አያስተማምንም። በኮንትሮባንድ ከሚዘዋወሩት መካከል ሲሠሩ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የታሰቡ፣ በኋላ አፈሙዛቸው ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ አሉ። ብረታቸው ለስላሳ ነው፤ ያንን ግፊት እንዲችል አልተሠራም። እንዲህ ያለው ነገር እጅ ላይ ሲፈነዳ ሌባው ሳይሆን ባለቤቱ ነው የሚጎዳው።

ወደ ማካሮቭ ልመለስ። ኒኮላይ ማካሮቭ የሚባል የሶቪየት መሐንዲስ ነው የነደፈው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ጦር ቶካሬቭ የተባለውን የቀድሞ ሽጉጡን በእሱ ተካው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ከሩሲያ ሌላ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያና ቻይናም ሠርተውታል። ስለዚህ ሁለት ማካሮቭ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ አጨራረሳቸው ሊለያይ ይችላል፤ አሠራራቸው ግን አንድ ነው።

ውስጡ ቀላል ነው። አፈሙዙ ከታችኛው ብረት ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው፤ አይንቀሳቀስም። መመለሻው ሞላ አፈሙዙ ላይ ተጠምጥሟል። መዶሻውን የሚገፋው ጠፍጣፋ ሞላ እጀታው ውስጥ ነው ያለው፤ የዚያው ሞላ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ካዝናውን ይዞ ይቆልፋል። አንድ ሞላ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ለማጽዳት ሲፈታ መሣሪያ አይፈልግም። ካዝናውን ታወጣላችሁ፣ የጥይት ቤቱን (ጥይት ለመተኮስ የሚገባበትን የአፈሙዙን ኋላ) ታያላችሁ፣ የቃታውን ቀለበት ወደ ታች ስባችሁ ትንሽ ወደ ጎን ታደርጋላችሁ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ ከኋላው ብድግ ታደርጉታላችሁ። አለቀ። የእህቴ ልጅ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ፈትታ ገጠመችው።

አሁን ዋናው ነገር። ሽጉጥን ባዶ ማድረግ።

ማካሮቭ ላይ መቆለፊያው በግራ በኩል፣ የላይኛው ብረት ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት። ወደ ላይ ስትሆን ተቆልፏል። ወደ ታች ስትሆን ይተኩሳል። ስትቆልፉት መዶሻው ተወጥሮ ከነበረ ራሱ በሰላም ይወርዳል፤ ጣታችሁን አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ለማውረድ አትታገሉም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በአሮጌ ሽጉጦች ላይ መዶሻ በአውራ ጣት ሲያወርዱ አምልጧቸው የተኮሱ ሰዎች አሉ። ግን ልብ በሉ፦ ሲቆለፍ የላይኛው ብረትም አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ የጥይት ቤቱን ለማየት መቆለፊያውን መክፈት ግድ ነው። ማለትም ሽጉጡን ባዶ በምታደርጉበት ሰዓት ሽጉጡ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ በቃል መያዝ ያለበት።

አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር። ጣት ከቃታው ቀለበት ውጭ ይሁን። ከሁሉ አስቀድሞ ካዝናው ይውጣ። ከእጀታው ግርጌ ከኋላ ያለችውን መያዣ ወደ ኋላ ገፋ ስታደርጉ ይለቃል። ከዚያ መቆለፊያው ወደ ታች። ከዚያ የላይኛው ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳብ። ውስጥ የነበረች ጥይት ካለች ዘልላ ትወጣለች። ካዝናው ስለወጣ ብረቱ በራሱ ከኋላ አይቆምም፤ በግራ በኩል ያለችውን ማቆሚያ በአውራ ጣት ወደ ላይ ገፍታችሁ አቁሙት። ከዚያ በዓይን እዩ። ከዚያ ትንሿን ጣት አስገብታችሁ ዳስሱ። ማታ ከሆነ ዓይን ይሸወዳል፣ ጣት አይሸወድም።

ካዝናው መጀመሪያ ይውጣ የምለው በምክንያት ነው። መጀመሪያ ብረቱን ስባችሁ ቀጥሎ ካዝናውን ካወጣችሁ፣ አንዷ ጥይት ወጥታ ሌላዋ ገብታለች። እጃችሁ ላይ ካዝና የሌለው፣ ባዶ የሚመስል፣ ግን የጎረሰ ሽጉጥ አለ። ማካሮቭ ደግሞ ካዝና ባይኖርም ይተኩሳል። ውስጡ ጥይት መኖሩን ከውጭ የሚያሳይ ምልክትም የለውም። «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ እኮ» የሚለውን ቃል ግምጃ ቤት ሆኜ ብዙ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ። ያን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱ ነጭ ሆኖ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን በባዶ ሽጉጥ ደጋግማ እንድትሠራ አደረግኳት። ፍጥነት አልጠየቅኳትም። ድምፅ አውጥታ እንድትቆጥር ነው የጠየቅኳት። «ካዝና፣ መቆለፊያ፣ ሳብ፣ እይ፣ ዳስስ።» መጨረሻ ላይ ከእኔ ጋር ወሬ እያወራች እጇ በራሱ ካዝናው ላይ ቀድሞ ሲሄድ አየሁ። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

ቃታው ላይ ደግሞ ማካሮቭ ሁለት ጠባይ አለው። መዶሻው ወርዶ ሳለ የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አጭርና ቀላል ናቸው። ተኳሾች ይህን አይወዱትም፤ የመጀመሪያዋ ጥይት ከኢላማ ትስታለች ይላሉ። እውነት ነው። ለቤት ግን ያንን ከባድ የመጀመሪያ ስበት እወደዋለሁ። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። በሩን የከፈተው ሌባ ይሁን ሌሊት የገባ የቤት ሰው ገና አልለየም። በስህተት የማይሳብ ቃታ ያስፈልገዋል።

ስለ ጉድለቱ ሳልናገር ብቀር ግምገማ አይሆንም።

የላይኛው ብረት ይከብዳል። አፈሙዙ ስለማይንቀሳቀስ የጥይቱን ግፊት የሚቋቋመው የብረቱ ክብደትና ሞላው ነው። ስለዚህ ሞላው ጠንካራ ነው። የአዳማ ሙቀት እጅ ሲያልብ ደግሞ ብረቱ ያንሸራትታል። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ልትስበው ሞከረችና አቃታት። መላው እንዲህ ነው፦ የላይኛውን ብረት በመዳፍ ሙሉ ከላይ ጨብጦ መያዝ፣ ከዚያ እጀታውን በሌላው እጅ ወደ ፊት መግፋት። ሁለት እጅ በተቃራኒ ሲሠራ ቀላል ይሆናል። እንዲህም ተደርጎ የማይችል፣ የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ግን ማካሮቭ ባይይዝ ይሻለዋል። ባዶ ሊያደርገው የማይችለውን ሽጉጥ መያዝ የለበትም።

ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው፣ በጨለማ አይታይም። ካዝና መቀየርም ከግርጌው ስለሆነ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ይዘገያል። ለቤት ይህ ብዙ አያሳስበኝም።

ጥይቱ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሰው ሁሉ «ባለ 9» ይላል። ባለ 9 አንድ ዓይነት አይደለም። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የእርሳሱ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ግሎክና ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የሚጎርሱት 9 በ19 ነው። አሮጌው ቤሬታ ደግሞ አጭሩን፣ 9 በ17ን ነው የሚጎርሰው። አይለዋወጡም። የማካሮቭ እርሳስ እንዲያውም ከባለ 19ኙ ትንሽ ይወፍራል። ከሶቪየት የመጣ ጥይት ቀለሃ ግርጌ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ካሊበሩን፣ ማለትም የጥይቱን መጠን፣ አይነግራችሁም። አልገባ ያለ ጥይት በጉልበት አይገፋም። የዛገ፣ አረንጓዴ የሆነ፣ የተቀጠቀጠ ጥይት አይተኮስም። የእህቴ ልጅ አባት የተዋቸው ጥይቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ስለነበሩ ለይተን ለፖሊስ አስረከብን።

ከሌሎቹ ጋር ሳወዳድረውስ?

ቶካሬቭን በቤት አልመክርም። 7.62 በ25 ጥይቱ እጅግ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ይበሳል። በእጅ የሚቆለፍ መቆለፊያም የለውም፤ ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ብቻ ነው። ሲያረጅ ያ ቦታ ይበላል። ወድቆ ይተኩሳል ብዬ የምፈራው ሽጉጥ ነው።

ግሎክ የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ነው። ባለ 17 ጥይት፣ ፕላስቲክ እጀታ፣ ቀላልና ታማኝ። እንደ መሣሪያ ከማካሮቭ ይበልጣል። አልደብቅም። ግን ከውጭ የሚቆለፍ ነገር የለውም። መቆለፊያው ቃታው ላይ ያለች ትንሽ ምላስና ከውስጥ ያሉ ብረቶች ናቸው፤ ቃታውን የሳበ ሁሉ ይተኩሳል። ሊፈታ ሲልም ቃታው መሳብ አለበት። ባዶነቱን ሳያረጋግጥ የሳበ ሰው ቤቱን ይበሳል፣ ከዚያም የባሰ ያደርጋል። በየጊዜው ለሚለማመድ ሰው ግሎክ ድንቅ ነው። እኛ አገር ግን ጥይት እንደ ልብ ገዝቶ የሚለማመድ ስንት ሰው አለ?

ከአያት የወረደ የጣሊያን ቤሬታ ያላቸው ቤቶች አሉ። የ1934 ሞዴል፣ 7 ጥይት። ፈቃዱ በእጃችሁ ካለ ለክብሩ ያዙት። ለሥራ ግን ሞላው አርጅቷል፣ መቆለፊያውም ግማሽ ዙር መዞር አለበት። ስታርም የስፔን ጥሩ ሥራ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ግን ቆይቷል፤ መለዋወጫ ፍለጋው ያደክማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽጉጥ የቀየረ ሰው መቆለፊያው ወዴት እንደሚከፈት እንደገና ይማር። ማካሮቭ ወደ ላይ ሲሆን ይቆለፋል። ቤሬታ 92FS ደግሞ ወደ ታች ሲሆን ነው የሚቆለፈው። በደነገጠ እጅ የድሮው ልማድ ነው የሚመጣው።

አሁን ደግሞ ቤታችንን እንይ። ብዙዎቻችን አንድ ግቢ ውስጥ ተደራርበን ነው የምንኖረው። ከዚህ ግድግዳ ማዶ ተከራይ ተኝቷል። ክፍሉ በቺፕውድ ተከፍሎ ከሆነ ጥይቱ እንዳልተነካ ያልፋል። የግቢ በር ላሜራም አያቆመውም። ባዶ ብሎኬትም ቢሆን ብዙ አትተማመኑበት። ማካሮቭ ከቶካሬቭ ቀርፋፋ ስለሆነ ይሻላል እንጂ እሱም ይበሳል። ከእህቴ ልጅ ጋር ቤቷን ዞርን። ከመኝታ ክፍሏ በር ወደ ሳሎን ብታይ ከኋላው ያለው የልጁ ክፍል ነው። ወደ ኮሪደሩ ብታይ የድንጋይ አጥር አለ። «ወደዚህ በፍጹም፣ ወደዚያ ብቻ» ብለን ተነጋገርን። የልጁን አልጋም ቦታ ቀየርን።

ሽጉጥ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አልደራደርም። ትራስ ሥር የለም። ቁምሳጥን አናት ላይ የለም። የስድስት ዓመት ልጅ ወንበር ጎትቶ የማይወጣበት ቁምሳጥን አላየሁም። አዳማ ብየዳ ቤት ወፈር ካለ ላሜራ ትንሽ ሳጥን አሠርተን ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርነው። ቁልፉ ከእሷ አይለይም። ካዝናው ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፣ የጥይት ቤቱ ግን ባዶ ነው፣ መቆለፊያውም ወደ ላይ ነው። አንዳንዱ «ታዲያ ሌባ ሲመጣ እስኪያቀባብሉት ድረስ?» ይላል። ያቺን ጥቂት ሰከንድ የሚሰጣችሁ የበሩ መቀርቀሪያ፣ የግቢው መብራትና ውሻው ነው። በሩ በአንድ እርግጫ የሚከፈት ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ በሩ ላይ አውሉ። እሷም የመኝታ ክፍሏን በር ከእንጨት ወደ ብረት ለውጣ፣ ከውስጥ ወፍራም መቀርቀሪያ አስገብታለች።

ልጁንም አስተማርነው። ማስፈራራት አልፈለግንም። ሽጉጥ ካየህ አትንካ፣ ከክፍሉ ውጣ፣ ትልቅ ሰው ጥራ። ጎረቤት ቤትም ቢሆን።

ጽዳት ላይ አዳማ የራሷ ጠባይ አላት። ነፋሱን ታውቁታላችሁ። በር ቢዘጋም አቧራው ይገባል። ዘይት ያበዛ ሰው አቧራውን ይሰበስብና ሽጉጡ ውስጥ እንደ ሊጥ ይቦካል። ማካሮቭ ቆሻሻ ይችላል ተብሎ ይወደሳል፣ ይችላልም። እናንተ ግን በዚህ አትመኩ። ስስ የመሣሪያ ዘይት በጨርቅ ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የምግብ ዘይት አይቀባም፤ ይደርቅና ይጣበቃል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱ ይዝጋል። የእህቴ ልጅ ሽጉጥ በቀኝ ጎኑ ላይ የማህደሩ ስፌት ያረፈበት መስመር በዝገት ተስሏል። እስኪ አስቡት፣ ስንት ዓመት እዚያው ውስጥ ተኝቶ እንደነበር።

የወረሳችሁት ሽጉጥ ከሆነ ሳትተኩሱበት በፊት ፈቃድ በሰጣችሁ ፖሊስ በኩል የመሣሪያ ባለሙያ ይየው። የመዶሻው ጥርስ፣ መቆለፊያው ወደ ላይ ሲሆን መዶሻውን በትክክል መያዙ፣ የካዝናው አፍ አለመጣመሙ ይታያል። የተጣመመ የካዝና አፍ ጥይት ያሰናክላል። የእሷ አንዱ ካዝና እንዲህ ነበር፣ ለይተን አስቀመጥነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈ መከላከልን ያነሳል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። የሚሸሽን ሌባ ከኋላው መተኮስ መከላከል አይባልም። የዶሮ ወይም የቴሌቪዥን ሌባን መግደልም የሚያስጠይቅ ነው። መጀመሪያ ልጅ ይዞ ወደ መኝታ ክፍል መግባት፣ በሩን መቀርቀር፣ መጮህ፣ ጎረቤትና ፖሊስ መጥራት። ጎረቤት የጩኸት ትርጉም ያውቃል፤ ወጥቶ ይደርሳል። ሽጉጡ ያ ሁሉ ተደርጎ በሩን ሰብሮ ለመጣ ሰው ነው። ለማስፈራራት ወደ ሰማይ መተኮስ የለም። የወጣው ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል፣ ከተማው ደግሞ ሰው የሞላበት ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ «አትቀይሪው» አልኳት። ለእሷ ልክ ነው። እጇ ይስበዋል፣ ሥርዓቱን ታውቃለች፣ ሳጥን አላት፣ ፈቃዷ በስሟ ነው።

ለሁሉም ሰው ግን ልክ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ሲጠጣ የሚገነፍል ሰው ካለ ማካሮቭም ሆነ ሌላ ሽጉጥ አይግባ። ባልና ሚስት እጅ የሚሰነዛዘሩ ከሆነ አይግባ። ኀዘን የሰበረው፣ መኖር ያስጠላው፣ ዝም ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ፈቃድ ቢኖራችሁም ሽጉጡን ፖሊስ ጣቢያ ወስዳችሁ በደረሰኝ አስቀምጡ። ግምጃ ቤት ሳለሁ እንዲህ ብለው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ለምን እንዳመጡት አንጠይቃቸውም ነበር። ቁጥሩን መዝግበን፣ ባዶ አድርገን፣ መደርደሪያው ላይ እናስቀምጠው ነበር።